ሰኞ ማክሰኞ

ሐይቅ ከተማ ዳር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣
በከሰል አሥምራ ትዘል ነበር ጦይባ።
ሰኞን በአንድ እግሯ፣ ማክሰኞን በሁለት፣
ጠጠሯ ከመስመር አንድም ቀን ሳይወጣባት።

እኔ ያን ጊዜ ጀማሪ፣ የስፖርት አስተማሪ፣
አንገቴ ላይ ፊሽካ፣ መዳፌ ላይ ሰዓት፣
ከኮሌጅ የመጣሁ በአንድ ጥራዝ ዕውቀት።
እግሯን አየሁና፣ እንቅልፌን አጥቼ፣
«አንድ ሺህ አምስት መቶ!» አልኩኝ ለራሴ፣
ልጅ መሆኗን ትቼ፣ በሜትር ጠርቼ።

አባቷ ጋሽ ሙሄ ስኳር እየመዘነ ሰማኝ።
«ዘጠኝ ዓመት ሞላት፤ ሌላው ጨዋታ ይቅር፣
ጉልበቷ አይበተን፣ አንድ መንገድ ይብቃት» አልኩት።
«አንተ ታውቃለህ» አለኝ።
እኔም ማወቄን አመንኩት።

ከዚያ ወዲያ
ሰኞ ፍጥነት ሆነ፣ ማክሰኞ ዳገት፤
ረቡዕ እንደ ሰኞ፣ ሐሙስ ያው ማክሰኞ፣
ሳምንቱ በሙሉ በአንድ እግሩ የቆመበት።
መረብ ኳስ ከለከልኩ፣ ቁርጭምጭሚቷን ፈርቼ፤
ገመዱን ነጠቅኳት፤ «የሕፃናት ነገር!»
ቅዳሜ እኩዮቿ ሐይቁን ሲያንቦጫርቁ
እሷ ዳር ተቀምጣ ልብስ ትጠብቅ ነበር።

በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ደሴ፣ ሆጤ ሜዳ፣
ታላላቆቿን ጥላ፣ እንደ ክረምት ቦርከና!
ጋሽ ሙሄ ያን ሰሞን ሚዛኑን ረሳና
ስኳር በእፍኝ ዘገነ። እኔም ፎቶ ተነሣሁ፣
እሷ ሳትሆን እኔ የሮጥኩ ይመስል።

በአሥራ አምስት ዓመቷ ቅልጥሟን ቆረጠማት።
«ይለቅሻል» አልኳት።
ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ አልለቀቃት።
ሆስፒታል፣ ራጁ ላይ፣ አንድ ጭረት፣ ቀጭን መስመር፤
በከሰል ያሠመሩት እንጂ
የአጥንት ስንጥቅ አይመስልም ነበር።
ሐኪሙ ጠየቀኝ፤ «ሌላስ ምን ትጫወታለች?»
«ምንም» አልኩ በኩራት።
ኩራቴ እዚያው ክፍል፣ ወንበሩ ላይ ቀረች።

አጥንቱስ ገጠመ በአራት ወር፣ በአምስት ወር፤
ጫማዋ ግን ቀረ፣ ከነጭቃው፣ አልጋ ሥር።

አልዋሽም፤
ከወልዲያ በኩል አንድ ልጅ አውቃለሁ፣
በሰባት ዓመቱ አንዱን ይዞ፣ አንዱን ብቻ፣
ሜዳልያ ያጠለቀ። ስሙን ሁሉም ያነሣዋል።
አብረውት ጀምረው መንገድ የቀሩትን
ማን በስም ጠርቷቸው ያውቃል?

ዛሬ ጦይባ መናኸሪያው በር፣ በጃንጥላ ሥር፣ ሲም ካርድ ትሸጣለች።
ታናሿ አንዋር ደግሞ፣ አሥር ዓመቱ ነው፣
ጠዋት በረኛ፣ ከሰዓት ዋናተኛ፣
በአናጢው ጣውላ ላይ የፒንግፖንግ አርበኛ፤
ለገና ሩር ለጊ፤ ሲመሽ በልቶ የሚተኛ።
ጋሽ ሙሄ ተጨንቆ «አንዱን ምረጥለት» ይለኛል።
«ይቆይ» ስለው አያምነኝም። አልፈርድበት፤
ፊትም «ታውቃለህ» ብሎኝ ነው የከሰረው።
«ታዲያ ምን ይወጣዋል?»
«አላውቅም።»
ይቺን አንዲት ቃል ለመማር
አሥራ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ባለፈው ሐሙስ፣ ሲመሻሽ፣
ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ልጆች አሥምረው ሄደዋል።
ጦይባ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣
ግራ ቀኝ አየች፣
ጠጠር መርጣ ወረወረች፤
በዚያው በተሰነጠቀው እግሯ ሰኞን ዘለለች።
እጄ ሳላዘው ኪሴ ገባ፣ ሰዓቱን ፍለጋ።
አየችኝ።
«አብሽር ቲቸር፤ ይሄ አይቆጠርም።»

ማክሰኞ ላይ ጠጠሯ ከመስመር ወጣ።
ስቃ አነሣችው፤ ደግማ ጣለች።