የስምንት ሰዓት ሚስኮል

ሠላሳ አንድ ዓመት ብርድ ልብስ ሠርቼ፣
በማታ ፈረቃ ከማሽን ጋር ነቅቼ፣
አገር ያስተኛሁት እኔ ሰውዬው ነኝ፤
ዛሬ ጡረታ ላይ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

የደብረ ብርሃን ውርጭ በበሩ ሥር ገብቶ፣
ጉልበቴ ላይ ያርፋል እንደ ዘመድ መጥቶ።
አስካለ ካረፈች ሦስተኛው ፋሲካ፤
የተኛችበት ጎን ጎድጉዶ ቀርቷል ለካ።
ዳር ይዤ አድራለሁ፣ ተሻግሬ አላውቅም፤
ያ ቦታ የሷ ነው፣ ብትሞትም አልነጥቅም።

ልጆቼ ደጎች ናቸው፣ እሁድ ይደውላሉ፤
«እንቅልፍህስ?» አይሉኝም፣ «መድኃኒት?» ይላሉ።
ጤና ጣቢያም ሄድኩኝ። ነርሷ ልጅ ናት፣ ጨዋ፤
«ቡና ይቀንሱ» አለች፣ «ሲመሽም ውኃ፣ ዋ!»
ፎርም ሞላችልኝ፦ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሽንት፤
የምተኛው ስንት ሰዓት፣ የምነሣው በስንት።
«ማታስ አብሮዎት ማን አለ?» አይልም ወረቀቱ፤
ክኒኔን ተቀብዬ ወጣሁ በሰዓቱ።

ከአጥሩ ማዶ ያሉት እትዬ ጥሩወርቅ፣
መብራታቸው በርቶ ያድራል ወገግታ እስኪፈነጥቅ።
እኔ «ታመው ይሆን?» እሳቸው «ታሞ ይሆን?»
ስንጠራጠር ኖርን፣ ዓመት፣ ግንብ ለይቶን።
በጎርፉ ለቅሶ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ንፍሮ ይዘን፣
«አንተም አትተኛም? ጉጉት ሆነን ቀረን!»
አሉና ስልካቸውን ከመቀነት ፈቱ፤
«እኔ ሚስኮል ላድርግ፣ ሌሊት በስምንቱ፤
አንድ ጊዜ ይጮኻል፣ ይዘጋል፤ አታንሣው፣
አንተም አንዴ ደውል፣ መኖርህን ልስማው።»

ከዚያ ወዲህ ሌሊቱ መሐሉ ምሰሶ አለው፣
ስምንት ሰዓት ሲሆን ጨለማውን የሚይዘው።
ጅብ ከበሬሳ በኩል ሲጮህ እሰማለሁ፤
«እሳቸውም ሰሙ» ብዬ እዞራለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ግን በሩ ተደበደበ፤
ፀሐይ ወጥታለች፤ ግቢው በሰው ተከበበ።
እትዬ ጥሩወርቅ፣ ነጠላ አዘቅዝቀው፣
ሁለት የእድር ሰዎች ከኋላ አስከትለው፣
እየተንቀጠቀጡ፣ «አምስቴ ደወልኩ!» አሉኝ።
ምን ብዬ ልመልስ? ዓይኔን እያሻሸሁኝ፣
እንደ ሰረቀ ሰው አንገቴን ደፍቼ፣
«ይቅርታ፣» አልኩ፣ «እትዬ፣ ሳላውቅ… ተኝቼ።»

ሲሄዱ አልጋውን ዳሰስኩ፦
የሞቀው በሷ በኩል ነው።