ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ

ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ማዶ፣
የቆርቆሮው ጣራ በፀሐይ ነዶ፣
እስቶር ቁጥር ሁለት የተመደብኩ ለታ፣
አቶ ሙሄ እርሳሱን ጆሮው ላይ እንደሻጠ
ቁልፉንም ምክሩንም ባንድ ትንፋሽ ሰጠ፦
«እዚህ ቤት፣ መኪያ፣ ሦስት ቃል ነው ያለን፣
ከዚያ ካለፍን ገደል ነው የሚጥለን፤
ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ።
ሌላ የሚነግርሽ ሌባ ነው፣ ወይ ካድሬ።»

«ስቶክ» ይላል ሒሳብ ሹሙ፣ ከንፈሩን አሹሎ።
«ስቶክ» ይላል ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ላይ፣ ዘይት የደበቀ፣
«ስቶክ የለም እቱ፣ ትናንት ነው ያለቀ»፤
ከመጋረጃው ኋላ ጀሪካኑ ጣራ እየፈለቀቀ።
«ስቶክ ላይ ከረመች» ይላሉ እኔንም፣
ሠላሳ ስላለፍኩ ሳላገባ ማንንም።
አቶ ሙሄ ብቻ ቃሉ አይጥመውም፤
«አፍ ይሞላል እንጂ መደርደሪያ አይሞላም» ይላል፣
ወደ ቡሎን ሳጥኑ ሄዶ
በሌባ ጣቱ አቧራ ይነካል።

እኔም ለመድኩት። ኩሽኔታ በቁጥር፣ ቺንጊያ በሜትር፣
ማግ በኪሎ ሲሰፈር፣
የከሰዓቱ ሙቀት አናቴ ላይ ሲሰፍር፣
ቀኑን ሙሉ ስጽፍ፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ፣
ሌላ ቀሪ ነበር ከኋላዬ ተጣሪ።

ደሴ፣ ትምህርት ቤት፣ ጭጋጉ በተሰበረው መስኮት ሲገባ፣
መምህሩ ስም ሲጠሩ፣ ከኋላ ረድፍ ሆነን
«ቀሪ!» እንል ነበር ባንድ አፍ።
ቀሪ ያልነው ልጅ ግን አልነበረም እዚያ።
ምን ጉድ ነው ይሄ ቋንቋ፣
የሌለውን ልጅ ቀሪ የሚል፣
ያለውንም ሳሙና ቀሪ የሚል!
ሄዶ ያልተመለሰው፣ ቀረ ነው ስሙ፤
ሳይሄድ የተቀመጠውም ቀረ፣ እዚያው፣ ከነሕመሙ።

ሰኔ ሠላሳ ደረሰ። ቆጠራ።
ኦዲተር ከደሴ መጣ፣ የቁልቁለቱ ጥምዝ ያዞረው፣
ሎሚ እያሸተተ ዕቃውን ቆጠረው።
ቡሎኑ ገጠመ፣ ጓንቱ፣ መጥረጊያው፣ የቀለሙ በርሜል፣
እስከ አንዲት መስመር፦
ካቻቢቴ፣ ባለ ቀይ እጀታ፣ ብዛት አንድ፣
በውሰት፣ ለሁለት ሰዓት፣
ተረካቢ፦ ኑርዬ እንድሪስ፣ ጥገና ክፍል።
ሁለት ሰዓቱ ሰባት ዓመት ሞልቶት።

«ይሄ ጠፍቷል» አለ፣ «ተሰርዞ ይውጣ።»

የወጪ ሰነዱ ላይ ፊርማው አለ፣
ጅራቱን እንደ ልጅነቱ የሚያስረዝመው ፊርማ።
መንገዱ ላይ ግን ፊርማ የሚጠይቅ የለም።
ኦቦክ ላይ አንድ ሰው አይቶታል፣
ጀልባ ሲጠብቅ፣ ጥላ ስር፣ ውሃ ሲለምን።
ከዚያ ወዲህ ገቢም የለው፣ ወጪም።

ምርመራ የሚለው ዓምድ ላይ ጻፍኩ፦ ቀሪ።

«ቀሪ ማለትኮ ያለ ነው!» አለኝ ቱግ ብሎ።
«ሁልጊዜ አይደለም» አልኩት።

ካርዱን ወደ መስኮት አስጠግቶ አየ፤
እንድሪስ የሚለውን አየ፣
ከታች የመዝጋቢዋን ስም፣ የኔን፣
እንደገና እንድሪስን።
ሎሚውን ወደ ኪሱ መለሰ።
«ደንብ ደንብ ነው» አለ፣ ድምፁ ግን ቀነሰ።

አቶ ሙሄ ከበሩ ላይ፣ ፊቱን ሳያዞር፣
«ዋጋውን ትክፈል» አለ፣ «መስመሩ ግን ይደር።»

ከሐምሌ ደሞዜ መቶ አርባ ብር ተቆረጠ።
አሁን ካቻቢቴው በደንቡ የኔ ነው፣
የት አገር እንዳለ፣ ማን ኪስ እንዳለ ባላውቅም፣
አሸዋ ይብላው፣ ጨው ይብላው ባላውቅም።
ካርዱ ከመደርደሪያው አልተነሣም።
አቧራውን ጠዋት ጠዋት እጠርጋለሁ፣
ከኑርዬ ስም ጎን፣ ገቢ ከሚለው ስር፣
አንዲት ጣት የምታህል ቦታ፣
ባዶ።