ወገቡን እቀፊው

ሙሐረቅ፣ ጣራ ላይ፣ ከውኃው ታንከር ስር፣
አንሶላው ሲደርቅ ጨው ጨው እየሸተተ እንደ ባሕር፣
ሐሙስ ሐሙስ ማታ ቻንድራኒ ትመጣለች፤
ከጎረቤት ጣራ ቀሚሷን ሰብስባ አጥሯን ትዘላለች።
ኪሮሿን በጸጉሯ ጥቅል ላይ ሰክታ፣
ልቃቂቱን ደግሞ ከፌስታል አውጥታ።
እኔ የሷን ቋንቋ፣ እሷም የኔን አታውቅ፤
በኩሽና ዐረብኛ፣ ግማሹን በሣቅ፣
ግማሹን በጣት ነው የምንጠያየቅ።

ሰንሰለት አውቅ ነበር። ከሚሴ ሳለሁ
ለሰፈሩ ሁሉ የቴሌቪዥን ልብስ ዳንቴል ሠርቻለሁ፤
ጠፍጣፋ፣ ነጭ፣ ቀዳዳው የበዛ፣
ለዓይን ብቻ የሆነ፣ ለእጅ የማይረዳ።

ይኼ ግን ሌላ ነው።
«ከአናቱ አትውጊው» አለችኝ።
(እጄ ሁልጊዜ ወደ አናት ነው የሚሮጥ፤
ለምዶበት፣ ከላይ ከላይ መርገጥ።)
«ከፊቱ ግቢና፣ ከኋላው ዙሪና፣ በፊት በኩል ውጪ፤
ቋሚውን እንዳለ አቅፈሽ ይዘሽ አምጪ።
ወገቡን እቀፊው። ከፊት ያቀፍሽው ይነሣል፤
ከኋላ ያቀፍሽው ይሰምጣል፣ ይሸሻል።»

ሞከርኩት። አንዱን ሳቅፍ ሌላው አመለጠኝ፤
ሃያ የነበረው ዐሥራ ስምንት ቀረኝ።
ተረተርኩት።
ሞከርኩት። ዐሥራ ዘጠኝ። ተረተርኩት።
አውሮፕላን መጣ ደግሞ፣ ሆዱን ሊያስነካን ትንሽ ሲቀረው፤
የቻንድራኒን አፍ አያለሁ እንጂ ቃሉን ጩኸቱ ዋጠው።
እጇ ብቻ ቀረ። እጇን ተከተልኩት፣
አውሮፕላኑ አልፎ ዝም ሲል አገኘሁት፤
አንዲት ቋሚ፣ ከጨርቁ ላይ ብድግ ያለች፣
እንደ ደም ሥር ያበጠች።

ደግሞስ ሱፍ በዚህ ሙቀት? የሚል አይጠፋም።
ውጪው ቢነድም ቅሉ ውስጡ እንደሱ አይደለም፤
ማሽን የወለደው ክረምት ከግድግዳ ይወርዳል፣
የሐጃ ሙኒራን ጉልበት ሌሊት ይቆረጥማል።
ዓይኗ ከጠፋ ሰባት ዓመቱ።
የልጅ ልጆቿ የገዙላት ብርድ ልብስ
ነብር አለበት፣ አፉን የከፈተ። እሷ ስትዳስስ
ነብር የለም። ለስላሳ ነው፣ ሜዳ፣
ከዳር እስከ ዳር ባዳ።

እኔስ፣ አልኩ፣ ጣት የሚያነበው ልሥራ፤
የተነሣ፣ የሰመጠ፣ እንደ እርሻ ትልም ተራ በተራ።
ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ።
ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ።
ክሩን ሲበላው ደግሞ! ለሜዳ ጨርቅ የሚተርፍ ልቃቂት
ለዚህ ክንድ አይሞላም፤ ያልቃል በአንድ ሌሊት።
ከደመወዜ ላይ ስድስት ዲናር ሄደ።
(ቤት ሲደውሉልኝ ይኼን አላወራሁም።)

ሰኔ ላይ አለቀ። ጉልበቷ ላይ ጣልኩት።
እጇ መንገድ ጀመረ፤ ከዳሩ ተነሥቶ
አንዱን ትልም ወጥቶ፣ አንዱን ትልም ወርዶ፣
መሐል ላይ ሲደርስ ቆመ።
ተመለሰ። ደግሞ እዚያው ቆመ።
«እዚህ ጋ» አለች፣ «ምን ሆነሽ ነበር፣ ሩቂያ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። አንድ ቋሚ ነው፣
ከፊት የሚታቀፈውን ከኋላ ያቀፍኩት።
ያን ረድፍ አስታወስኩት።
የዚያን ለት ማታ ነው ከከሚሴ የተደወለው፤
እየሠራሁ ሰማሁ፣ እየሰማሁ ሠራሁ፣
እጄ አላቆመም፣ ሌላ ነገር አላውቅም።

«ልተርትረው» አልኳት፣ «ሳምንት ነው፣ አይከብድም።»
«ተይው» አለች። «ሌላው ሁሉ አንድ ነው፣ እጄ ይጠፋበታል።
እዚህ ስደርስ ግን የት እንዳለሁ አውቃለሁ።»
ምን እንደሆንኩም አልነገርኳት፤
እሷም መልሳ አልጠየቀችኝ።
ጣቷን ብቻ እዚያች ላይ አሳርፋ
ዝም ብላ ቆየች፣ ማሽኑ እስኪያንኳኳ።

ዛሬም ሐሙስ ነው። ቻንድራኒ አጥሩን ዘለለች።
አዲስ ነገር ይዛለች፤ ሁለቱን ቋሚ ዘልሎ
ወዲያ ማዶ ያሉትን ማቀፍ፣ ከዚያም የተዘለሉትን
በላያቸው ተሻግሮ መመለስ። ጉንጉን።
«ይኼስ ያስለቅስሻል» ብላ ሣቀች፣
ኪሮሹንም ከጸጉሯ መዘዘች።