አንድ ምት

ዊኒፔግ፣ ጥር ወር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ።
ታብሌትና ኪቦርድ በሚዲ አጋብቼ፣
ዕጣ አወጣለሁ ወለል ላይ ተኝቼ።

አንዲት ቁልፍ ስነካ ቁጥሩ ይናወጣል፣
ከዜሮ እስከ መቶ ሃያ ሰባት፣ ያሻው ይወጣል፤
አንዱ የዛገ በር፣ አንዱ የድስት ክዳን፣
አንዱ የጥርስ ሕመም፣
አንዱ ምንም።

ማክሰኞ ለት ግና አንድ ድምፅ መጣልኝ፤
በረዶ ሲረገጥ ይመስላል፣ ግን ሞቃት።
"ላስቀምጠው" ሳልል ጣቴ ቀደመችኝ፤
ሌላ ዕጣ ወጣ። ያ ሄደ በዚያች ቅጽበት።

ጠዋት ሊፍቱ ውስጥ የታችኛው ፎቅ ሰው፣
ኮርኒሱን በመጥረጊያ የሚደበድበው
አቶ ኮቫልቹክ፣ ጫማውን እያየ፦
"ያን የሌሊቱን" አለኝ፣ "እስኪ ድገመው።"

ይኸው ሦስት ሳምንት፣ እኔ ላይ ቁልፏን፣
እሱ ታች ኮርኒሱን።
አንድ ምት "አይደለም" ነው።

ጧ።
እሺ፣ አቶ ኮቫልቹክ።
ጧ።