የቁም ሣጥኑ እግር

ፓርዴስ ሐና ጠርዝ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣
ድሮ ብርቱካኑ በሣጥን ሲታሠር
በኖረ መጋዘን፣
ሰው ዕድሜ ሲቀንስ እኔ ዕድሜ ስመዝን
እውላለሁ።

ሥራዬ ማስረጀት።
ማክሰኞ የላግሁት አዲስ የጥድ እንጨት
ሐሙስ መቶ ዓመት ነው።
በሰንሰለት ገርፌ፣ በወስፌ ጠቅጥቄ፣
ነቀዝ ያልቀመሰውን በነቀዝ አድምቄ፣
በሻይ ቅጠል ውኃ፣ በሰም፣ በጥቀርሻ
አሸዋለሁ ጠርዙን እስከ መጨረሻ።
«ዓመት አይደለም» ይል ነበር አሠሪዬ ሄርማን፣ ነፍሱን ይማረው፣
«እጅ ነው ቀለም የሚበላው፤ እጅ የት እንደሚያርፍ ዕወቀው።»

ቅርጹም ባንድ አይረጋ።
የፎቅ ጣራ ዝቅ ሲል አናቱ ተቆርጧል፤
ሊፍት አላሳልፍ ሲል ከወገብ ተፈልጧል፤
ለቴሌቪዥን ገመድ ጀርባው ቀዳዳ አወጣ፤
ዳቦ ባደረበት ወይን ሊያድር መጣ፤
ስሙ ብቻ ቀረ፣ «የባላገር ዕቃ»፤
ዋጋውን ባላገር አይችለውም፣ በቃ።

ኖጋ የምትባል ሴት አንድ ፎቶ ይዛ መጣች፣
«ከቅድመ አያቴ ቤት የተረፈው ይኸው» አለች።
ጋሊሲያ፣ ማድቤት፤
ቁም ሣጥን ይታያል፣ ጠርዙ፣ ማጠፊያው፣ በሩ፤
ፊቱ በቆመች ልጅ ሰፊ ቀሚስ ግን ተጋርዷል እግሩ።
«እግሩንስ እንዴት ላድርገው?»
«እንደ ነበረው።»

እንደ ነበረው!
ሰባት ንድፍ ሣልሁ፤ ሰባቱን ቀደድሁ።
በስምንተኛው ሌሊት እጄን ዝም ብዬ ለቀቅሁ፤
እጄም ወገራ ወረደ፣ አባቴ ቀጸላ ዘንድ፣
ለረቡዕ ገበያ፣ ከዋንዛ፣ የበርጩማ እግር ሲያዋድድ፤
ወደ ውጭ ቀለስ ያለ፣ እንደ ፍየል ቁርጭምጭሚት።
ገዝተው ይቀመጡበት ነበር፤
ከእሱ ጋር ግን አይቀመጡም።

ኖጋ መጥታ ተንበረከከች። እግሩን ዳሰሰች።
«ልክ እንዲህ ነበር» ብላ አለቀሰች።
አላየችውም እኮ! እኔም አልተናገርሁ።
ገንዘቤን ቆጠርሁ።

ከመቶ ዓመት ኋላ አንድ ዐዋቂ መጥቶ
ይለካው ይሆናል፣ መነጽሩን ሰክቶ፤
«የጋሊሲያ እግር» ብሎም ይጽፈው ይሆናል፤
ተማሪውም ይቀዳዋል።
ብቻ አንድ ቀን አንሥተው፣ ገልብጠው ካዩት፣
መሬት ከሚነካው ከእግሩ ሥር
አንዲት ጣት የምታህል ቦታ አለች፣
ሳላስረጃት የተውኋት።