ከአቤቱታው የጎደለ ቃል

ደሴ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከተቀደደው ጃንጥላዬ በታች፣
ጦይባ መጣችና ድንጋይ ስባ ተቀመጠች።
ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ወረቀቴን አርሶታል፤
የመኪናዬ «ረ» ፊደል በተመታ ቁጥር ይጣበቃል።

«ወንድሜን ልከሰው ነው» አለች፣ «ይማምን፣ የናቴን ልጅ።
አባታችን የተወልን ቤት ሸዋ በር ነው፤ የጋራ ደጅ።
በኔ በኩል ያለውን በር ደፍኖ በብሎኬት፣
‹ለነፋስ ነው ያሰብኩልሽ› አለኝ፣ ሳልናገር ቃል አንዲት።»

እኔም ጣቴን አፍታታሁ። «ፍርድ ቤት ጠባይ ይጠይቃል፤
ተከሳሹ ምን ዓይነት ነው? አንድ ቃል ብትነግሪኝ ይበቃል።
ትዕቢተኛ ልበለው?»

«ኧረ ወላሂ አይደለም!
ትዕቢተኛ ከላይ ሆኖ ቁልቁል ያያል፤ ይማም ጭራሽ አያይም።
ደግሞ ይወደኛል። ስታመም ሌሊቱን ቆሞ አደረ፤
ሐኪሙን ሲያክም ነበረ።»

«ኩሩስ?»

«ኩሩማ ዝም ይላል። ኩራት ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል፤
የኔው ሰው ሳይከፈትለት ይገባል፣ የወንበር ቦታ ይለውጣል።»

«ተጀናኝ?»

«ተጀናኝ ከመስታወት አይለይም። ይማም የሱቁን መስታወት
ወደ ደንበኛው ያዞራል፤ ‹ቡኒው ነው ያማረብህ› ይላል፣
ሰውየው የመጣው ለጥቁር ኮት።»

«እሺ፣ ጉረኛ?»

«ጉረኛ ጆሮ ይለምናል፤ ‹አጀብ› ካልተባለ ይከስማል።
ይማም ጭብጨባ አይሻም፤ ብቻውን ሆኖም ሰው ያርማል።
ሐጂ ሙሄን፣ ሦስቴ ሐጅ ያደረጉትን ሰው፣ አስቀምጦ፣
የመካን መንገድ አስረዳቸው፤
እሱ እንኳን መካን ሊያይ አያውቅም ኮምቦልቻን አቋርጦ።»

«እብሪተኛ? ጥጋበኛ?»

«እነሱማ ይማታሉ። የይማም እጁ ጥጥ ነው፤
በ‹ቆይ እኔ ልንገርሽ› ነው፣ ሰው የሚያቆስለው።»

«ፈላጭ ቆራጭ?»

ሳቀች። «እሱማ ወንበር አለው፣ ማኅተም አለው፣ ዘበኛ።
ይማም ያለው አንድ ሲንጀር፤ ልብስ ሰፊ ነው የኛ ዳኛ።»

«ሁሉን አወቅ?»

«አሁን ቀርበሃል። ግን ሁሉን አወቅ ሲጠየቅ ነው የሚያስቸግር፤
ይሄ ሳይጠየቅ ነው፤ ጥያቄውንም እሱ ነው የሚናገር።»

ትዕግሥቴ አለቀ፤ ሻይዬም በረደ።
«በቃ ግትር ነው!» አልኩ፤ ጣቴም ወደ «ግ» ወረደ።

«ግትርማ ቋጥኝ ነው፤ አይነቃነቅም፤ እሺ፣ ዞሬ አልፈዋለሁ።
ይማም ግን ይነቃነቃል፣ እኔን ይዞ። ሳልነሳ ሄጄ እገኛለሁ።
‹ራበኝ› ስለው ‹ጠምቶሽ ነው›፣ ‹በረደኝ› ስለው ‹ደክሞሽ ነው›፤
እኔን ለኔው የሚያስረዳኝ፣ እስቲ የዚህ ስሙ ማነው?»

«ይሄማ ግትርነት ነው! ሠላሳ ዓመት ጽፌያለሁ፤
ማለት የፈለግሽውን ካንቺ ይልቅ እኔ አውቃለሁ!»

ከጃንጥላው ጫፍ ጠብታ በ«ግትር» ላይ ወደቀ።
ጦይባ አየችኝ፤ ቀስ ብሎ፣ ከንፈሯ ብቻ ሳቀ።
«አብሽር» አለችኝ። «ለካ ሁለት ይማም ነው የወለደችው እናቴ፤
አንዱ በክር፣ አንዱ በቀለም፤ የሚሰፋው ግን አንደበቴ።»

ወረቀቱን ስቤ ቀደድኩ። አዲስ ከትቼ «ንገሪኝ» አልኳት።
በሩን፣ ብሎኬቱን፣ ነፋሱን፣ እሷ ስትል እኔ መታሁ፤ አንድም ቦታ ሳልቀድማት።
ጠባዩ የሚጻፍበትን መስመር ባዶውን ተውኩት፤
ዳኛው ከፈለጉ ይሙሉት።

ማታ ባለቤቴ ከከሰሉ ዳር ነጠላዋን እየሳበች፣
«ምነው ብርድ ብርድ አለኝ» አለች።
«እሳት ሥር ተቀምጠሽ? ደክሞሽ ነው» አልኳት ሳይታወቀኝ።
ከበሩ ጀርባ የተዘረጋው ጃንጥላ
ጠብ፣
ቆይቶ ደግሞ ጠብ እያለ ታዘበኝ።