ጥያቄ አሥራ ሰባት

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ባጃጁ ጥሎኝ ዞረ፣ አቧራው ሳይነቃ።
መጠይቅ ታቅፌአለሁ፤ አርባ ሁለት ገጽ ነው፤
ስለ ግብር ነው ጥናቱ፣ ስለ ባለሀብት መምጣት፣
ስለ መሄዱም።
(ስለ መሄዱ የሚጠይቀው ገጽ ቀጭን ነው፤ ማንም አይሞላውም።)

ያዘዙት ሰዎች ሩቅ ናቸው፤ ከብራስልስ ወዲያ፤
ድህነት ካርታቸው ላይ ቢጫ ነው፤ አለው መለኪያ።
ክፍለ ሀገር ከክፍለ ሀገር ሲበላለጥ አይወዱም፤
ከጋራ ካዝና ይቆርሳሉ፣ ዝም ብለው አያልፉም።
መምህሬ ይህን የሚያስረዱኝ በስስት ነው፣
ሰው የጎረቤቱን ማሳ እንደሚያየው።
«እኛም ጋ» አሉኝ፣ «መስመሩን ፈልጊ፤
ፓርኩ ከቆመበት ርቀቱን ለኪ።»

ለካሁ። ከአጥሩ እስከ ሙዘይን ሱቅ አርባ ስድስት እርምጃ።
ከአጥሩ ወዲያ የዓመታት የግብር እፎይታ፣
ከአጥሩ ወዲህ ሙዘይን፣
ሐምሌ ሲገባ እንቅልፉን የሚያጣ ማታ ማታ።

እፎይታ!
ማን ይሆን ይህን ቃል ለዚህ ነገር የመረጠ?
እኛ ሰፈር እፎይ የሚለው ሸክም ያወረደ፣
ዳገት ወጥቶ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ።
ፋብሪካው ግን ገና ሲገባ፣ ገና ሳይሸከም፣
ላቡ ሳይመጣ፣ ሳይደክም፣
ቁጭ ብሎ እፎይ አለ።

ሙዘይን ስኳር እየቋጠረ አሥራ ሰባተኛዋን ሰማኝ፤
«ባለፈው ዓመት የከፈሉት ግብር ስንት ነው?» ሳቅ ብሎ አየኝ።
«ገማቾቹ መጡ፤ መደርደሪያውን አዩ፣ እኔን አዩ፤
የለስላሳ ሣጥን ቆጠሩ፤ ባዶውን ከሙሉው አልለዩ።
በባዶ ጠርሙስ አየር ነው እኔ የተገመትኩት፤
ይኸው ደረሰኙ፤ ከልጄ የክትባት ካርድ ጋር ነው ያስቀመጥኩት።»

ግብር፣ የሚከፈል። ግብር፣ የሚበላ።
አንድ ቃል ነው፤ ከፋዩ ሌላ፣ አዳራሽ ገብቶ የጠገበው ሌላ።

በሩ ላይ ኦቦ ደገፋ፣ ፊሽካ ባንገቱ፤
የሚጠብቀው የጥንት ማሳውን ነው፤ ዘበኛ ሆኗል በርስቱ።
መጠይቄ ውስጥ ለሱ የሚሆን ሣጥን የለም፤
«የተፈጠረ የሥራ ዕድል» ብዬ ልቁጠረው? ወይስ አይደለም?
በፊሽካው ጫፍ ወደ ስፌት አዳራሹ አመለከተ፤
«እዚያ ጋ ምስር ነበር፤ እዚህ ጓያ» አለና
ለኮንቴይነሩ በሩን ከፈተ።

ስምንት ሰዓት ላይ ፈረቃው ወጣ፤ ዳርምየለሽ ከመሀል፤
ጣቷን ክር ገዝግዞታል፣ የደሞዝ ወረቀቷ አራት ቦታ ታጥፏል።
ዘረጋችው። «የሥራ ግብር» ከሚለው ላይ ጥፍሯን አሳረፈች፤
«ይቺስ እፎይታ አታውቅም?» አለች።

ሦስተኛው ሼድ ጭር ብሏል። እፎይታው ባለቀ በወሩ
ማሽኖቹ ተፈቱ፣ በሌሊት ተጫኑ፣
ወደ ሌላ ሀገር እፎይታ በረሩ።
የቀረው፣ ግድግዳው ላይ የሰዓት ክብ ጥላ፣
ወለሉ ላይ የተበተነ መርፌ፣
አንድ እጅጌው ብቻ የተሰፋ ሸሚዝ።
መዋዕለ ንዋይ እንላለን፤ መዋዕል ቀናት ነው በግዕዙ፤
ማን ነበር ቀኖቹን የቆጠረ፣ ማሽኖቹ ገና ሲተከሉ?
ዳርምየለሽ ያኔ እዚያ ነበረች፤ ክሩን ታውቀዋለች፤
ስለ ቀኖቹ ግን የነገራት የለም።

ማታ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሁሉም ቁጥር ይሆናል፤
ኦቦ ደገፋ አንድ፣ ሸሚዙ ዜሮ፤
የሙዘይን ሳቅ «መልስ የለም» ይባላል።

ልሄድ ስል ግን ጠራኝ፤ የቋጠረውን ስኳር እያቀበለኝ፤
«እኔም ልጠይቅሽ፤ አንዲት ብቻ» አለኝ፤
«የላኩሽ ሰዎች ሀገር፣
ባለሱቅ በሐምሌ ይተኛል?»

ገጾቹን አገላበጥኩ። የምጽፍበት አጣሁ።
ወደ አጥሩ ስመለስ እንደገና ቆጠርኩ፤
አርባ ዘጠኝ ሆነ።